ከእግር ጣት የእጅ ጣት፦ ለማን ይሆናል? ለማንስ አይሆንም?

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳው፣ ቢራው፤ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። ደሴ ላይ እንጨት ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ አለ። ማሽን ባለበት ሁሉ ጣት ይቆረጣል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሜዳ ላይ የቀረ ፈንጂ ነክተው እጃቸው የተጎዳ ልጆች ተጨመሩበት።

ቁስሉ ሲድን ወሬው ይጀምራል። «የእግር ጣት ቆርጠው እጅ ላይ ይተክላሉ አሉ» ይላል አንዱ። ሌላው «ተው እንጂ!» ብሎ ይስቃል። ወሬው እውነት ነው። ዓለም ላይ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ሲሠራበት የኖረ ቀዶ ጥገና ነው።

ግን «ይቻላል» ማለትና «ለኔ ይሆናል» ማለት ለየቅል ናቸው። የእግር ጣት ማዛወር ካሉት አማራጮች አንዱ ነው። ሕይወቱን የሚለውጥለት ሰው አለ። ጭራሽ የማያስፈልገው ሰውም አለ፤ እንዲያውም የሚበዛው ይሄኛው ነው። እዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የቱ ለማን እንደሚሻል የራሴንም አስተያየት እናገራለሁ። የመጨረሻውን ውሳኔ እጁን ዳስሶ የሚያይ ሐኪም ይስጥ።

የተቆረጠው ጣት ካልጠፋ

አደጋው የደረሰው አሁን ከሆነ ሌላውን ትታችሁ ይቺን ክፍል ብቻ አንብቡ። የራስ ጣት ተመልሶ ከተሰፋ ከየትኛውም የእግር ጣት ይሻላል። በተለይ የተቆረጠው አውራ ጣት ከሆነ፣ ብዙ ጣት አንዴ ከሄደ፣ ወይም የተጎዳው ልጅ ከሆነ መሞከር አለበት።

ጣቱን በንጹህ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት። አትፈትጉት። በሳላይን ወይም በንጹህ ውሃ በራሰ ፋሻ ጠቅልሉት። ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ አፉን ግጥም አድርጋችሁ እሰሩ። ፌስታሉን በረዶና ውሃ ያለበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። በረዶው ጣቱን በቀጥታ መንካት የለበትም። አልኮል ውስጥ መንከርም ክልክል ነው። ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ወይም አፈር መነስነስ የቀዶ ሐኪሙን ሥራ ያበላሻል። ደሙን በንጹህ ጨርቅ ተጫኑት፤ እጁን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። በሽቦና በሲባጎ ጥርቅም አድርጎ ማሰር የተረፈውንም ይገድላል።

ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም። ስለዚህ ከክንድ ይልቅ ይታገሣል። ሳይቀዘቅዝ እስከ 12 ሰዓት ገደማ፣ በአግባቡ ከቀዘቀዘ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም መንገዱ ብቻውን ተስፋ አያስቆርጥም። ጊዜውን የሚበላው ከአንዱ ወደ ሌላው ሪፈር እየተባለ የሚደረገው ዙረት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪሙ ወደምትሄዱበት ሆስፒታል እንዲደውልላችሁ ለምኑ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ዛሬ በማይክሮስኮፕ ደም ስር የሚሰፋ ሰው አለ?»

ፕሬስ የጨፈለቀው ወይም የወፍጮ ቺንጋ ይዞ የነቀለው ጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ደም ስሩ ከውስጥ ተቦጫጭቋልና። ስል ነገር የቆረጠው የተሻለ ዕድል አለው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ ምን ቀረ?

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለጠፋው ጣት ነው። ጥሩ የእጅ ሐኪም ግን የሚያየው የተረፈውን ነው። አማራጩን የሚወስነው እሱ ነው።

አውራ ጣት ከእጅ ሥራ 40 ከመቶ ያህሉን ይሸከማል ይባላል። አውራ ጣት የሌለው እጅ አንድ እግሩ እንደተሰበረ ጉጠት ነው፤ አራቱ ጣቶች ቢታጠፉም የሚጨመድዱበት የለም። እንጀራ መቁረስ፣ ሲኒ ማንሳት፣ ቁልፍ ማዞር፣ መርፌ መያዝ፣ ብር መቁጠር ሁሉም በሱ ነው። ጉዳቱ ቀኝ እጅ ላይ ከሆነ ለኛ አገር ሰው ሌላ ክብደት አለው። በግራ እጅ መብላትና ማጉረስ ለብዙዎቻችን አይሆንም። ይሄን ለሐኪሙ መንገር ቅንጦት አይደለም፤ ምርጫውን የሚለውጥ መረጃ ነው።

ጉዳዩ አውራ ጣት ከሆነ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛው የቀረው ርዝመት ነው። የሄደው ጥፍሩ ያለበት የመጨረሻው አንጓ ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው ምንም ሳይሠራለት ሥራውን ይቀጥላል። ከሁለቱ አንጓዎች ሁለቱም ከሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሁለተኛው የሥሩ መገጣጠሚያ ነው። አውራ ጣታችሁን ወደ ትንሿ ጣት ውሰዱትና እዩ። የሚንቀሳቀሰው ከሥሩ፣ ከእጅ አንጓው አጠገብ ነው። መዳፍ ላይ ያለው ወፍራም ሥጋም አብሮ ይሠራል። ይሄ መገጣጠሚያና ሥጋው ካሉ ከላይ የሚቀጠለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ከሌሉ ከእግር የመጣ ጣት ቆሞ የሚቀር እንጨት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ከአውራ ጣት ፊት ለፊት የሚቆመው ነው። ሌሎቹ ጣቶች ደህና ናቸው ወይ? አራቱም ሄደው አውራ ጣት ብቻ ከቀረ ችግሩ ይገለበጣል። አውራ ጣት ሳይሆን የሚገጥመው ባላጋራ ጣት ነው የሚያስፈልገው።

ከአውራ ጣት ውጭ አንድ ጣት ብቻ የጎደለበት ሰው፣ ሌባ ጣትም ብትሆን፣ ከእግር ጣት ለማስመጣት ብዙ ምክንያት የለውም። አእምሮ ሥራውን በራሱ ወደ መሃል ጣት ያዛውራል። ሳንቲም ሲያነሳ፣ ስልክ ሲነካካ መሃል ጣት ትቀድማለች። ጥቂት ወራት ይፈልጋል እንጂ ቀዶ ጥገና አይፈልግም። ደንዝዞ ወይም ደርቆ የቀረ ጣት ግን ከሌለ ጣት ይብሳል። በሁሉም ነገር ይሰነቀራል።

እግር ሳይነካ የሚሠሩት

ቀላሉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ቆዳ በጥልቀት ከፍቶ ሸለቆውን ማስፋት ነው። አጥንቱ አይረዝምም። ግን ጉማጁ ከመዳፉ ተላቆ ራሱን ችሎ ስለሚቆም የረዘመ ያህል ይሠራል። ከመጀመሪያው አንጓ ግማሽ ያህሉ ለተረፈለት ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው። ማይክሮስኮፕ አይፈልግም። ሆስፒታል የሚያስተኛው ጊዜም አጭር ነው። ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል እንጂ፣ እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይሄን ነው።

አጥንት ማስረዘምም አለ። ቡልጋሪያዊው ቀዶ ሐኪም ኢቫን ማቴቭ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ለአውራ ጣት ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። የመዳፉን አጥንት ይቆርጡትና በውጭ በተገጠመ ብረት በየቀኑ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ያራርቁታል። በመሃል አዲስ አጥንት ይሞላል። ትልቁ ጥቅሙ ቆዳው የራስ መሆኑ ነው፤ ስሜቱ አይጠፋም። ጉዳቱ ደግሞ ጊዜው ነው። ብረቱ ለወራት እጅ ላይ ይቆያል። የገባበት ቀዳዳ ያመረቅዛል፣ በየቀኑ መጸዳት አለበት። ሲያልቅም የሚገኘው ረዘም ያለ ጉማጅ ነው እንጂ የሚታጠፍ፣ ጥፍር ያለው ጣት አይደለም።

ሦስተኛው ከዳሌ አጥንት ወስዶ ጣት መሥራት ነው። አጥንቱን ለማልበስ እጁን ብሽሽት ላይ ከሚገኝ ቆዳ ጋር ይሰፉታል። ለሦስት ሳምንት ገደማ እጅና ብሽሽት ተያይዘው ይኖራሉ። ከዚያ ይለያያሉ። ይሄ ዘዴ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ሁሉ የሚሠራ ስለሆነ ድሃ አገር ላይ ብዙ ሰው ረድቷል። ግን የሚወጣው ጣት ወፍራም፣ የማይታጠፍና የማይሰማው ነው። ስሜት እንዲኖረው ከቀለበት ጣት ጎን ነርቭና ደም ስር ያለው ቆዳ አንቀሳቅሶ ማምጣት ይጠይቃል። አጥንቱም ከዓመታት በኋላ እየሟሸሸ ሊያጥር ይችላል። ስሜት የሌለው ጣት ምድጃ ላይ እንደሚቃጠል የሚያውቀው ዓይን ብቻ ነው። ምግብ ለምታበስል ወይም ብየዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌባ ጣትን ወደ አውራ ጣት ቦታ ማዛወርም ይቻላል። ሰው ሲሰማው «ካሉኝ ላይ ሌላ ልቀንስ?» ይላል። እውነት ነው፣ እጁ አራት ጣት ሆኖ ይቀራል። ግን የሥሩ መገጣጠሚያ ጭምር ለሄደበት ሰው ከእግር ጣት ይልቅ ይሄ ይመረጣል። የሌባ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ የጠፋውን ተክቶ ይሠራልና። ደም ስሩና ነርቩ ከእጁ ሳይለዩ አብረው ስለሚዞሩ ደም ስር መልሶ መስፋት አይፈልግም። ስሜቱም ይኖራል። ሲወለዱ አውራ ጣት ለሌላቸው ሕፃናት መደበኛው ሕክምና ይሄ ነው። ጀርመናዊው ዲተር ቡክ ግራምኮ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ በወሰዱት ታሊዶማይድ በተባለ መድኃኒት ምክንያት አውራ ጣት ሳይኖራቸው የተወለዱ ልጆችን በማከም ዘዴውን አሳድጎታል። ሌባ ጣቷ በአደጋው አብራ ከተጎዳች ግን የምትሰጠው ጥቅም ይቀንሳል። የተጎዳ ጣት ቢዛወርም የተጎዳ ጣት ነው።

ሰው ሠራሽ ጣትን በአጭሩ ልለፈው። የሲሊከኑ ለመልክ ነው። ለሠርግ፣ ለፎቶ፣ ሰው ፊት ለሚቀመጥ ሥራ ይጠቅማል፤ ስሜትና ጉልበት የለውም፣ ያረጃል፣ ይቀየራል። ጉማጁ ላይ የሚታሰርና ዕቃ ለመደገፍ የሚያገለግል ቀለል ያለ መሣሪያም አለ። ደሴ ላይ የሰው ሠራሽ አካል ማዕከል አለ። የእንዲህ ያሉ ማዕከላት ዋና ሥራ እግር ስለሆነ ስለጣት ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ቀዶ ጥገና ለማሰብ ጊዜ የሚፈልግ ሰው በመሃል ቢጠቀምበት ምንም አይጎድልበትም።

የእግር ጣት

ሐሳቡ አሮጌ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦስትሪያዊው ካርል ኒኮላዶኒ የታካሚውን እጅ ከእግሩ ጋር ለሳምንታት አጣብቆ የእግር ጣት ወደ እጅ አሻግሯል። ታካሚው እንዴት እንደቆየ አስቡት። ነገሩ የተለወጠው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካዊው ሃሪ በንኪ በዝንጀሮ ላይ በማይክሮስኮፕ ደም ስር ሰፍቶ የእግር ጣት ወደ እጅ አዛወረ። ሻንጋይ ላይ ያንግ ዶንግዩ በ1966 ሁለተኛዋን የእግር ጣት ለሰው አዛወረ። እንግሊዝ አገር ጆን ኮቤት በ1968 የእግር አውራ ጣትን ወደ እጅ አመጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቡድን እግር ላይ፣ ሌላው እጅ ላይ ይሠራል። ጣቱ ከአጥንቱ፣ ከጅማቱ፣ ከነርቩና ከደም ስሩ ጋር ይወጣል። እጅ ላይ አጥንት ከአጥንት፣ ጅማት ከጅማት ይያያዛል። ከዚያ ከፀጉር በቀጠነ ክር ደም ስሮቹና ነርቮቹ ይሰፋሉ። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ጣቶች ይተርፋሉ። «ልምድ ባላቸው» የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ከየትኛው የእግር ጣት ይወሰድ የሚለው ራሱን የቻለ ምርጫ ነው። የእግር አውራ ጣት እንደ እጅ አውራ ጣት ሁለት አንጓ አለው። ጉልበቱ ጥሩ ነው፣ ሰፊ ስለሆነ አጥብቆ ይይዛል። ግን ከእጅ አውራ ጣት ይወፍራል፤ ያስታውቃል። ውፍረቱን ለማስተካከል ሁለት መንገድ ተገኝቷል። አውስትራሊያ ላይ የዌይን ሞሪሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳወቀው ዘዴ ቆዳው፣ ጥፍሩና ጥቂት አጥንቱ ብቻ ተወስዶ ከዳሌ በመጣ አጥንት ላይ ይጠቀለላል። መልኩ ያምራል፣ እግሩም ጣቱን ሙሉ በሙሉ አያጣም። ነገር ግን አዲሱ ጣት አንጓው ላይ አይታጠፍም፣ ልጅ ላይም አያድግም። ታይዋናዊው ፉ ቻን ዌይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳወቀው የእግር አውራ ጣቱን ከጎን አጥንቱንም ሥጋውንም ከርክሞ ማዛወር ነው። ይሄኛው መታጠፉን አያጣም፤ ጥቂት ይቀንስበታል እንጂ።

ሁለተኛዋ የእግር ጣት ቀጭን ናት። ሦስት አንጓ አላት፤ ወደ ውስጥ ቆልመም የማለት ጠባይ አለባት። ጉልበቷም ከአውራው ያንሳል። ግን ረዘም አድርጎ ከእግር መዳፍ አጥንት ጋር መውሰድ ይቻላል። እግሩ ላይ የሚቀረው ክፍተት ተገጥሞ ይሰፋል፤ ካላስተዋለ ሰው አያየውም። አራቱም የእጅ ጣቶች ለሄዱበት ሰው ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ አንድ ላይ ተወስደው ከአውራ ጣቱ ፊት ለፊት ሊቆሙ ይችላሉ።

ለልጆች የእግር ጣት ከሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። የሚያድግበትን የአጥንት ክፍል ይዞ ስለሚመጣ ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል። ነርቩም ከአዋቂ በተሻለ ይገጥማል።

አሁን የማይወራውን እናውራ። ጣቱ በተሰፋ ማግስት አይሠራም። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስሜት እስኪመጣ ወራት ይሄዳል፣ ሲመጣም እንደ ድሮው ሙሉ አይደለም። ፍልና ቀዝቃዛውን፣ ሻካራና ለስላሳውን ለመለየት ግን ይበቃል። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነርስ በየሰዓቱ ቀለሙንና ሙቀቱን ታያለች። ደሙ በደም ስሩ ውስጥ ከረጋ ታካሚው በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ቀዶ ጥገና ክፍል መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ ረጅሙ ፊዚዮቴራፒ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱም ጅማቱ ተጣብቆበት ሌላ ትንሽ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ማቆም አለበት፤ ኒኮቲን ደም ስር ያጠባል። ጫትም ደም ስር የማጥበብ ጠባይ አለውና ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት። ቡናንም ለተወሰነ ጊዜ የሚከለክሉ ሐኪሞች አሉ። ለወሎ ሰው ከቀዶ ጥገናው የሚከብደው ይሄኛው ይመስለኛል። ሌላው ብርድ ነው። የተጎዳ ወይም የተሰፋ ጣት ብርድ አይችልም፤ ይጠቁራል፣ ይቆረጥማል። ኮምቦልቻ ብዙ አያስቸግርም። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ግን ጓንት ያስፈልጋል።

እግሩስ?

«ከእግሬ ቆርጠው አንካሳ ሊያደርጉኝ?» የብዙ ሰው ፍርሃት ነው። አብሽሩ፤ ሁለተኛዋ ጣት ከተወሰደች አካሄድ ላይ የሚታይ ለውጥ አይኖርም ማለት ይቻላል። አውራው ጣት ሲወሰድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ክብደት የሚሸከመው የእግር መዳፍ አጥንቱ ጫፍ መትረፍ አለበት። ከተረፈ ሜዳ ላይ መራመድ ደህና ነው። ለውጡ የሚሰማው ሲሮጡና ዳገት ላይ መሬቱን ሲገፉ ነው።

እንግዲህ ደሴ ናት። ግማሹ ከተማ ዳገት፣ ግማሹ ቁልቁለት ነው። የጦሳን ተራራ ወጥቶ ወርዶ ለሚሠራ ወይም በኮንጎ ጫማ ገደል ለገደል ለሚሄድ ገበሬ አውራው ጣት ባይነካ እመርጣለሁ። ሁለተኛዋ ትበቃዋለች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ግን የአውራው ጣት ጉልበት ያዋጣዋል።

ሌላም አለ። እኛ ጫማ የምናወልቅ ሰዎች ነን። መስጊድ ደጃፍ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ውዱእ ሲደረግ እግር ይታያል። እጄ ላይ ያለው ጉድለት ይሸፈን ብሎ እግር ላይ ሌላ ጉድለት መፍጠር የሚከብደው ሰው አለ፤ በተለይ ወጣት ሴቶች። ይሄን ከንቱ ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። ሸበጥ ለማድረግም ሆነ በፈለጉት ጫማ ለመሄድ የትኛው ጣት እንደሚወሰድ ልዩነት አለው።

እግሩ ራሱ የታመመ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ተጫራች አይደለም። ስኳር በሽታ ደም ስሩን ወይም ነርቩን የጎዳበት፣ እግሩ ላይ የማይድን ቁስል ያለበት ሰው ጣት መስጠት የለበትም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው። በዚህ በሽታ ጣታቸው ያለቀ ሰዎች የእግር ጣት ማዛወር ይጠቅመን ይሆን ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። አይጠቅማቸውም። የተጎዳው ነርቩ ስለሆነ አዲሱም ጣት አይሰማውም፣ እግሩም ለአዲስ ቁስል ይጋለጣል። ለነሱ የጅማት ማዛወርና እጅን ከጉዳት የመጠበቅ ሥልጠና ይበልጣል።

ማን የቱን ቢመርጥ?

እንጨት ቤት ውስጥ የአውራ ጣቱ የመጨረሻ አንጓ የሄደበትን ሰው እናስብ። ጉማጁ ካላመመው ምንም አያስፈልገውም። ካመመው ጫፉ ይስተካከልለት።

አውራ ጣቱ ከመጀመሪያው አንጓ መሃል የተቆረጠበት የቀን ሠራተኛ በመጀመሪያ ሸለቆውን ማስፋት ይሞክር። ካልበቃው የእግር ጣት አሁንም አለ፤ የትም አይሄድም። በሩ ስለማይዘጋበት ከቀላሉ መጀመሩ ምንም አያጎድልበትም።

ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ፣ አውራ ጣቷ ከሥሩ ከፍ ብሎ ሙሉ በሙሉ የሄደባት፣ ሌሎቹ ጣቶች ያሏት ወጣት ግን ለእግር ጣት ትክክለኛዋ ሰው ናት። ጨርቅ መቆንጠጥ ስሜት ይፈልጋል። ስሜት ደግሞ ከዳሌ አጥንት በተሠራ ጣት አይገኝም። ለሷ የተከረከመው የእግር አውራ ጣት ወይም ሁለተኛዋ ጣት መነጋገሪያ ይሁን።

መገጣጠሚያው ከሥሩ የተነቀለበት ሰው ስለ ሌባ ጣት ማዛወር ይጠይቅ። ወፍጮ አራት ጣት የወሰደበት ሰው፣ አውራ ጣቱ ብቻ ቢቀርም፣ ከእግር አንድ ወይም ሁለት ጣት ቢያገኝ መቆንጠጥ ይችላል፤ ለሱ የሚስተካከል ሌላ አማራጭ የለም ብዬ ነው የማስበው። የማይሰማ ደረቅ ጣት እዚህ ላይ ዋጋው ትንሽ ነው።

ፈንጂ የጎዳው ልጅ በቅድሚያ እግሩ ይታይ። ፍንጣሪ እግሩንም ነክቶት ሊሆን ይችላል። እግሩ ደህና ከሆነ ግን ወላጆች «ሲያድግ ይሠራለታል» ብለው ባይቆዩ ጥሩ ነው። ልጅ ያለ ጣት መሥራትን ቶሎ ይለምዳል፤ በኋላ አዲሱን ጣት ረስቶት ይቀራል።

አዋቂ ሰው ግን አይቸኩል። ቁስሉ ይዳን፣ እጁ ይልመድ፣ ምን እንደሚያቅተው በተግባር ይወቀው። ስድስት ወር ቆይቶ «ይሄን ይሄን አልቻልኩም» የሚል ሰው፣ በሁለተኛው ሳምንት «እንደድሮዬ አድርጉኝ» ከሚለው የተሻለ ምርጫ ያደርጋል። ማንም እንደድሮው አያደርገውም።

ሐኪሙ፣ ገንዘቡና ወረቀቱ

የመጀመሪያው ምርመራ ደሴ ላይ ይሆናል። ደሴ ኮምፕሬንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አጥንት ክፍል ጀምሩ። የደም ስር ስፌት የሚፈልገው ሥራ ግን ወደ አዲስ አበባ ሊያስኬድ ይችላል። ጥቁር አንበሳ፣ የካቲት 12 እና አለርት መጠየቅ የሚቻልባቸው ናቸው። ሪፈር ከመያዛችሁ በፊት የምትሄዱበት ቦታ ማይክሮስኮፑ አሁን እየሠራ መሆኑን፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሌሊት የሚከታተል ባለሙያ መኖሩን አረጋግጡ። ቀዶ ሐኪሙን «ይሄን ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ባይሳካስ ቀጥሎ ምን አለኝ?» የሚለውንም ጨምሩ።

ወጪ ሲታሰብ የቀዶ ጥገናው ብቻ አይቆጠር። አዲስ አበባ የሚቆዩበት ቤት፣ የአስታማሚው ምግብ፣ የፊዚዮቴራፒ ምልልስ፣ ሥራ የሚቆምባቸው ወራት አሉ። እጅም እግርም ስለተሰፋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በምርኩዝ መሄድ እንኳ ያስቸግራል። የሚደግፍ ሰው የሌለው ሰው ይሄን አስቀድሞ ያስብ።

ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ሕጉ ከሠራተኛው ጋር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምናው፣ የቀዶ ጥገናው፣ የሆስፒታሉና የመድኃኒቱ ወጪ፣ አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ አካሉ፣ በአሠሪው ላይ ነው። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ቦርዱ ሳያይ «ይሄን ያህል ብር ውሰድና ፈርም» የሚል ወረቀት ቢመጣ ሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትፈርሙ። አደጋው የደረሰበትን ቀን የሚገልጽ የፋብሪካው ሪፖርት፣ የመጀመሪያው ሕክምና ካርድ፣ ደረሰኞች ሁሉ ኮፒ ይደረጉ።

ለቀጠሮ ስትሄዱ የእጁን ራጅ ብቻ አትያዙ፤ የሁለቱንም እግሮች ራጅ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ያዙ። ከተቻለ ደግሞ የሥራችሁን ማሽንና በሁለት እጅ ምን እንደምትሠሩበት ባልደረባችሁ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽላችሁ። ሐኪሙ ጨርቅ ስታስገቡ፣ ጣውላ ስትገፉ፣ ቁልፍ ስታጠብቁ የትኛው አያያዝ እንደሚጎድላችሁ ከቃል ይልቅ ከዚያ በቶሎ ያያል።